ከሲጋራ ወደ ቬፕ ሲሻገሩ የፈሳሽ ጣዕም እንዴት ይመረጣል?

ሲጋራ ለመተው ብለው ቬፕ (ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ አሙቆ የሚያተን መሣሪያ) የገዙ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን «ጣዕሙ አልተስማማኝም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ይጥሉትና ወደ ፓኬታቸው ይመለሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የጣዕሙ አይደለም። ወይ ኒኮቲኑ አንሶ አራራውን አልቆረጠም፣ ወይ ፈሳሹ ከመሣሪያው ጋር አልገጠመም፣ ወይ ደግሞ ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ኮይሉ፣ አሯል። ምላስ እነዚህን ለይቶ አያውቅም፤ ያልተመቸውን ሁሉ «ጣዕሙ መጥፎ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጣዕም ከማማረጥዎ በፊት ጣዕሙ በትክክል እንዲቀመስ የሚያደርጉትን ሁለት ነገሮች ማስተካከል አለብዎ። ደረጃ 1 እና 2 ስለ እነሱ ናቸው፤ የቸኮለ ሰው ዘሏቸው ደረጃ 3 ላይ ቢጀምር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

መመሪያው አሁን ሲጋራ ለሚያጨስ አዋቂ ሰው ነው። ቬፕ ከጉዳት ነፃ አይደለም፣ ኒኮቲንም ሱስ ያስይዛል። ከሲጋራ የሚሻለው ትምባሆ ስለማይቃጠልበት ነው፤ ከቃጠሎ የሚመጣው ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለበትም። አጭሶ የማያውቅ ሰውና ታዳጊ ምንም ጣዕም ቢኖረው ሊጀምሩት አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ወይም የአስም ሕመምተኛ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሕጉንም ይወቁ፦ ሽያጩ ጨርሶ የተከለከለባቸው አገሮች አሉ፤ ዴንማርክ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምባሆና የሜንቶል ጣዕም ብቻ ትፈቅዳለች፣ ኔዘርላንድስ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትምባሆን ብቻ።

ደረጃ 1፦ ፈሳሹን ከመሣሪያው ጋር ያግጥሙ

የቬፕ ፈሳሽ በመሠረቱ አራት ነገሮች ናቸው፦ ፕሮፒሊን ግላይኮል (ፒጂ)፣ ቬጂቴብል ግሊሰሪን (ቪጂ)፣ ኒኮቲን እና የጣዕም ቅመም። ቅመሙ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ፒጂ ቀጭን ነው፤ ጣዕምን አጉልቶ ይሸከማል፣ ጉሮሮንም ያዝ ያደርጋል። ቪጂ ወፍራምና በራሱ ጣፋጭ ነው፤ ተኑን ያበዛል፣ ጣዕሙን ግን ያለዝበዋል። ጠርሙሱ ላይ «50/50» ወይም «70/30» የሚል ጽሑፍ ካዩ የእነዚህን የሁለቱን ድርሻ መናገሩ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ግን ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ከሲጋራ ለሚመጣ ሰው የሚስማማው መሣሪያ ኮይሉ ከ0.8 እስከ 1.2 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ መለኪያ) የሆነ ትንሽ ፖድ፣ ማለትም ፈሳሽ መያዣው የሚነቀል ትንሽ ቬፕ ነው። እንደ ሲጋራ መጀመሪያ ወደ አፍ፣ ቀጥሎ ወደ ሳንባ ይሳባል። ለዚህ ግማሽ በግማሽ የሆነ ወይም ፒጂው 60 በመቶ የደረሰ ፈሳሽ ይግዙ። ቪጂው 70 በመቶ የሆነ ወፍራም ፈሳሽ በትንሽ ፖድ ኮይል ውስጥ ፈሳሹን የሚመጠውን ጥጥ ቶሎ አያርስም፤ ጥጡ ደርቆ ያራል፣ ገዢውም «ይህ የእንጆሪ ጣዕም የተቃጠለ ጎማ ይሸታል» ይላል። በተቃራኒው ቀጭን ፈሳሽ ከ0.5 ኦም በታች ኮይል ባለውና ደመና በሚተፋ ትልቅ መሣሪያ ላይ ቢሞላ በአየር ቀዳዳው ያንጠባጥባል፣ ጉሮሮንም ይቧጥጣል።

አዲስ ኮይል ሲያስገቡ ጥጡ ላይ 4 ወይም 5 ጠብታ ያድርጉበት፤ ታንኩን (የፈሳሹን መያዣ) ሞልተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ይህችን 10 ደቂቃ መዝለል አዲስ ኮይል በመጀመሪያው ሳብ እንዲሞት ዋነኛው ምክንያት ነው። አንዴ ያረረ ጥጥ ደግሞ አይመለስም።

ደረጃ 2፦ ኒኮቲኑን ከጣዕሙ በፊት ይወስኑ

ከነቁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩሱ ወይም በቀን 20 እና ከዚያ በላይ የሚያጨሱ ከሆነ በ1 ሚሊ ሊትር ከ18 እስከ 20 ሚሊግራም ይጀምሩ። በቀን ከ10 እስከ 20 ለሚያጨስ 12 አካባቢ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ከ6 እስከ 10 ይበቃል። እነዚህ ቁጥሮች ለትንሽ ፖድ ናቸው። ትልቁ መሣሪያ በአንድ ሳብ ብዙ ፈሳሽ ስለሚያተን 3 ወይም 6 ያህሉ ይበቃዋል፤ 20 ብትሞሉበት ራስ ያዞራል። አንዳንድ ጠርሙስ መጠኑን በመቶኛ ይጽፋል፦ 2 በመቶ ማለት 20 ሚሊግራም፣ 5 በመቶ ማለት 50 ሚሊግራም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ20 በላይ መሸጥ አይፈቀድም።

«ኒኮቲን እየቀነስኩ ልጀምር» የሚለው ሐሳብ ጨዋ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቀኑን ሙሉ እየሳቡ አለመርካት፣ ማታ ደግሞ ሲጋራ ፍለጋ መውጣት ነው። መቀነሱ ጊዜ አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ 886 ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት ተሳታፊዎቹን ያስጀመረው በ18 ሚሊግራም ነበር፤ ቀጣዩን ጥንካሬና ጣዕም ግን ራሳቸው እየሞከሩ እንዲመርጡ አበረታታቸው። ከዓመት በኋላ በቬፕ ከሞከሩት 18 በመቶው ሲጋራ ትተው ተገኙ፤ በማስቲካ፣ በፕላስተርና በመሳሰሉት የኒኮቲን ምትኮች ከሞከሩት ደግሞ 9.9 በመቶው።

ሁለት ዓይነት ኒኮቲን አለ፣ ልዩነታቸውም ጣዕም ላይ በቀጥታ ይታያል። ተራው ኒኮቲን ከ12 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ጉሮሮን እንደ በርበሬ ይጠብሳል፤ ለስለስ ያለ የፍራፍሬ ጣዕም ከሥሩ ይጠፋል። የኒኮቲን ሶልት የሚባለው እንደ ቤንዞይክ ያለ አሲድ ስለሚጨመርበት በ20 ሚሊግራም እንኳ ለስላሳ ነው። ብዙ የሚያጨስና ፍራፍሬ ወይም ቫኒላ መሞከር የሚፈልግ ሰው ሶልት ይያዝ። «ጉሮሮዬን ካልያዘኝ ያጨስኩ አይመስለኝም» ለሚል ደግሞ ተራው ኒኮቲን በ12፣ ግማሽ በግማሽ በሆነ ፈሳሽ ይሻለዋል።

መጠኑ መግጠሙን በሰውነትዎ ይለዩታል። 10 ደቂቃ እየሳቡ ሐሳብዎ አሁንም ሲጋራ ላይ ከሆነ አንሷል። ስቅታ፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከመጣ በዝቷል፤ ያስቀምጡት፣ ውኃ ይጠጡ፣ ሲያልፍልዎ ረዘም ባለ ዕረፍት ይሳቡ።

ደረጃ 3፦ ከሦስት ቤተሰብ ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ

ጀማሪ ሁለት ስህተት ይሠራል፦ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ይገዛል፣ ወይም ሦስት የትምባሆ ጣዕም ይገዛና ሁሉንም ይጠላል። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሦስት ጠርሙሶች ይውሰዱ፤ አንዱ ትምባሆ፣ አንዱ ሜንቶል ወይም ናና፣ አንዱ ፍራፍሬ ይሁን። ሦስቱም ኒኮቲናቸውና የፒጂ ድርሻቸው እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ሲያወዳድሩ የሚያወዳድሩት ጣዕሙን አይሆንም። ክዳን ከፍቶ ማሽተት ትንሽ ይረዳል እንጂ አይወስንም፤ ጠርሙስ ውስጥ ሽቶ ሽቶ የሚለው ትምባሆ ሲሞቅ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ስለ ትምባሆ ጣዕም በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ሲጋራ ሲጋራ እንደማይል ነው። የሲጋራ ጣዕም ብለን የምናውቀው በአብዛኛው የቃጠሎ ጣዕም ነው፦ ወረቀቱ፣ አመዱ፣ ታሩ። ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ስለሌለ የሚቀረው ያልተለኮሰ ፓኬት ሲከፈት የሚሸተው ዓይነት፣ ደረቅ ሣር፣ ለውዝና ትንሽ ማር መሰል ነገር ነው። ይህን ያልጠበቀ ሰው ይታለላል፤ የጠበቀ ሊወደው ይችላል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ። ደረቁ ዓይነት ጣፋጭነቱ አነስተኛ ስለሆነ ለሲጋራ የሚቀርበው እሱ ነው። «አር ዋይ 4» የሚባለው ካራሜልና ቫኒላ የገባበት ነው፤ ስሙ የመጣው ሩያን ከተባለው ቀደምት የቻይና አምራች ሲሆን አሁን ማንም የሚሠራው የጣዕም ዓይነት ሆኗል። ሦስተኛው ከእውነተኛ የትምባሆ ቅጠል ተዘፍዝፎ የሚወጣው ነው። ከሁሉም ጠለቅ ያለ ጣዕም አለው፣ ኮይልን ግን ቶሎ ያጠቁራል። ለመጀመሪያ ጠርሙስ ደረቁን እንመርጣለን፦ የሚያንገሸግሽ ነገር የለውም፤ ካልወደዱትም ቤተሰቡን በሙሉ መዝለል እንደሚችሉ ቶሎ ያውቃሉ።

ሜንቶል የሜንቶል ሲጋራ ያጨስ ለነበረ ሰው አጭሩ መንገድ ነው። ያልነበረም ቢሆን ሊሞክረው ይገባል፤ ቅዝቃዜው ራሱ ጉሮሮን ስለሚይዝ ኒኮቲኑ መጠነኛ ሆኖ ሳለ ሲጋራ የሳቡ ያህል ይሰማል። ናና ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ሜንቶል የሚወጋ ነው። «አይስ» የሚል ቃል ያለባቸው ፈሳሾች ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብሊው ኤስ 23 የሚባል ማቀዝቀዣ ይገባባቸዋል፤ እሱ የናና ጣዕም የለውም፣ ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ «አይስ» አይግዙ፤ ብርዱ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ሸፍኖ ስለሚቀር የሚወዱትን አያውቁም። ሜንቶል ጥጥ ውስጥ ገብቶ አይለቅምና የራሱ ፖድ ይኑረው።

ፍራፍሬ ከትምባሆ በጣም የራቀ ስለሆነ ብዙ አጫሽ «ይህ የልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሚጠቅመውም በመራቁ ነው። ሲጋራን የማያስታውስ ጣዕም ለሁለት ሳምንት የተጠቀመ ሰው አንድ ሲጋራ ቢለኩስ አፉ ውስጥ የሚሰማው አመድ ነው። በትምባሆ ጣዕም የቆየ ግን ንጽጽሩ ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ነው፤ ዋናው ደግሞ ከቅጂው ይጣፍጣል። ስለዚህ ትምባሆውን እንደ ድልድይ፣ ፍራፍሬውን እንደ ማዶ እናየዋለን። ሲመርጡ አንድ ፍሬ ብቻ የሆነውን፣ ለምሳሌ ፖም ወይም እንጆሪ ወይም ወይን፣ ከአምስት ፍሬ ድብልቅ ያስቀድሙ። ሎሚና ብርቱካን የበዛበት ፈሳሽ አንዳንድ የፕላስቲክ ታንክ ይሰነጥቃል፣ ቀረፋና ኮላ ጣዕምም እንዲሁ፤ ለእነሱ የመስታወት ታንክ ይያዙ።

ቫኒላ፣ ካስታርድ (የወተትና የእንቁላል ክሬም)፣ ኬክና ቡና የሚባሉት ጠርሙሱ ሲከፈት ሁሉንም ያሸንፋሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ብዙዎቹ ያንገሸግሻሉ። ለከሰዓት ወይም ከምግብ በኋላ ለጥቂት ሳብ ጥሩ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዙ አይደሉም። የቡና ጣዕም በተለይ ከስሙ ያነሰ ነው።

ምንም ቅመም የሌለበት ፈሳሽም አለ። ከቪጂው የሚመጣ ለዘብ ያለ ጣፋጭነት ብቻ አለው። ሁሉም ጣዕም የሚያቅለሸልሸው ሰው እሱን ይሞክር፤ የሚያቅለሸልሸው ቅመሙ ነው ወይስ ኒኮቲኑ የሚለውንም በአንድ ቀን ይለያል።

ደረጃ 4፦ ስድስት ቀን ይፈትኗቸው

ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ሁለት ቀን ይስጡ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሌላ ጣዕም አይሙሉ። ኮይል ወይም ፖድ በጣዕም ቁጥር ቢኖርዎ መልካም፤ ከሌለ ከትንሹ ወደ ኃይለኛው ይሂዱ፦ ፍራፍሬ፣ ቀጥሎ ትምባሆ፣ በመጨረሻ ሜንቶል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ሁሉም ሜንቶል ሜንቶል ይላል።

አሳሳቡም ይለያል። ሲጋራ አጥብቆ፣ ባጭሩ ይሳባል። ቬፕ በዝግታ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ነው፤ በኃይል ከሳቡት ያልተነነ ፈሳሽ አፍ ውስጥ ይገባና ይጎመዝዛል። በሁለት ሳብ መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ካልጠበቁ ጥጡ አይርስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳል የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አሳሳቡ ገና ስላልተስተካከለ ነው። ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ካልሄደ ኒኮቲኑን ወይም የፒጂውን ድርሻ ዝቅ ያድርጉ።

በየቀኑ ማታ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ። አንደኛ፣ ከሁሉ በሚከብዱት ሰዓቶች፣ ማለትም በማለዳ፣ ከምግብ በኋላና ሲናደዱ፣ አራራውን ቆርጦልዎታል? ሁለተኛ፣ ማታ ላይ ጣዕሙ አሁንም ይጥማል ወይስ ሰለቸ? ሦስተኛ፣ ጉሮሮና አፍ እንዴት ነው? የመጀመሪያው መልስ ከሁለቱ ይበልጣል። የሚጣፍጥ ግን ሲጋራ የሚያስናፍቅ ፈሳሽ ይሸነፋል፤ እምብዛም ያልጣመ ግን ጠዋቱን ያሳለፈ ያሸንፋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጣዕም ይዘው ይቀጥሉ፣ አንዱ ለሙሉ ቀን፣ አንዱ ለመቀያየር። የጠሏቸውን አይድፉ። ዛሬ ያልጣመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። ፈሳሽ፣ በተለይ የትምባሆና የቫኒላ፣ ተዘግቶ በጨለማ ሲቀመጥ ቅመሙ ይዋሐዳል፤ አዲስ የነበረው ሽቶ መሰል ጠረን ይበርዳል። ሁለተኛው ምክንያት ግን እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 5፦ ምላስ ሲመለስ እንደገና ይምረጡ

ሲጋራ ማሽተትና መቅመስን ያደነዝዛል። ሲጋራው ከቆመ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱም ይመለሳሉ። ሰዎች «ፈሳሹን ቀይረውታል» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። የተቀየረው ምላሳቸው ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ውኃ ውኃ ያለው ፍራፍሬ በሦስተኛው ሳምንት ጎልቶ ይጣፍጣል፤ ያኔ ልኩ የነበረው ጣፋጭ ትምባሆ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ የትልቅ ጠርሙስ ግዢ ከአራተኛው ሳምንት በፊት አይሁን። ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ሳይተው ከቬፕ ጋር የሚያደባልቅ ሰው ይህ ለውጥ ይዘገይበታል፣ ጣዕሙም ሁሉ እንደደበዘዘ ይቆያል።

ለውጡ በሌላ አቅጣጫም ይመጣል፦ አንድን ጣዕም ለሳምንታት ሲስቡ ኖረው አንድ ቀን ምንም አይሰማዎትም። ኮይሉ አዲስ ሆኖ ጣዕም ከጠፋ አፍንጫዎ ያንን ሽታ ለምዶታል ማለት ነው። ኒኮቲን ወይም ዋት (የማሞቂያውን ኃይል) አይጨምሩ። ውኃ ይጠጡ፣ ፒጂና ቪጂ አፍን ያደርቃሉና፤ ለሁለት ወይም ሦስት ቀን ከሌላ ቤተሰብ ይሳቡ። ተቀያሪ ጠርሙስ ያዙ ያልነው ለዚህ ነው፤ ያልያዘ ሰው በዚያ ቀን ሲጋራ ይገዛል።

ጣዕሙ ሲበላሽ ምክንያቱን መለየት

የማረር ጣዕም በአዲስ ኮይል ላይ ከመጣ ጥጡ ሳይርስ ተስቧል ወይም ፈሳሹ ወፍራም ነው። ከቀናት በኋላ ቀስ ብሎ ከመጣ ኮይሉ አልቋል። አንድ ኮይል በተለመደ አጠቃቀም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ሱክራሎስ የሚባለው ማጣፈጫ የበዛበት ፈሳሽ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል፣ ምክንያቱም ማጣፈጫው አይተንም፤ ሽቦው ላይ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይጋገራል። ከንፈር ላይ ስኳር የሚተው ፈሳሽ ካገኙ ምልክቱ እሱ ነው።

ጣዕሙ ደብዝዞ ግን ካላረረ፣ መሣሪያው ዋት የሚያስተካክል ከሆነ 1 ዋት ከፍ አድርገው ይሞክሩ፤ ኮይሉ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አይለፉ። ትምባሆና ቫኒላ ሞቅ ሲል ይጎላሉ፤ ፍራፍሬና ሜንቶል ዝቅ ባለ ዋት ይሻላቸዋል። ፈሳሹ ቡናማ መሆኑ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ኒኮቲን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ቀለሙ ተቀይሮ ጣዕሙም የሚጠብስ ከሆነ ግን ይጣል።

የማይሳቡ ነገሮች

«ለምግብ የተፈቀደ ነው» የሚለው ማረጋገጫ ለሳንባ አይሠራም፤ ፈተናው የተደረገው ለሆድ ነው። ዘይት ያለበት ማንኛውም ቅመም፣ የኬክ ኤሰንስ፣ የተክል ዘይት፣ ቫይታሚን የተጨመረበት ፈሳሽ ቬፕ ውስጥ አይገባም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብዙ ሰዎችን ለከባድ የሳንባ ጉዳት የዳረገው በዋናነት የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር።

ቅቤ ቅቤ የሚሉ ጣዕሞች ላይ ዳያሴቲል የሚባል ነገር ይጠየቃል። ፈንዲሻ ፋብሪካ ውስጥ ተኑን ሲተነፍሱ የኖሩ ሠራተኞች ላይ ከታየው ከባድ የሳንባ ሕመም ጋር የተያያዘው እሱ ነው፤ በእንግሊዝ በቬፕ ፈሳሽ ውስጥ መጨመሩ የተከለከለ ነው። ካስታርድ የሚወዱ ከሆነ አምራቹ ዳያሴቲልና ተመሳሳዩ አሴቲል ፕሮፒዮኒል አለመኖራቸውን በጽሑፍ ያረጋገጠበትን ብቻ ይግዙ። ቀረፋ ጣዕሙን የሚያገኝበት ሲናማልዴሃይድ በቤተ ሙከራ የመተንፈሻ ሕዋሳትን ሲጎዳ ታይቷል፤ ለሙሉ ቀን የሚያዝ ጣዕም አናደርገውም። የይዘት ዝርዝር፣ የምርት ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና ልጅ የማይከፍተው ክዳን የሌለው ጠርሙስ ጣዕሙ ምንም ቢሆን አይገዛም። 20 ሚሊግራም የሆነ የ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 200 ሚሊግራም ኒኮቲን ይዟል፤ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ስለሚሸት ሕፃን ይጠጣዋል፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ኒኮቲኑን ሲቀንሱ

ሲጋራ ሳያስቡ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር ካለፈ በኋላ መቀነስ ይጀምሩ። እዚህ ላይ ጥንካሬና ጣዕም በአንድ ቀን አይቀየሩም። ኒኮቲን ሲቀንስ ጉሮሮን የሚይዘው ነገር ስለሚላላ ያው ፈሳሽ ቀለል ብሎ ይሰማል፤ ጣዕሙም ተቀይሮ ከነበረ ችግሩ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። የለመዱትን ጣዕም ይዘው በየደረጃው ይውረዱ። ከ20 ወደ 10 መዝለሉ ከከበደ ዓይነቱና ጣዕሙ አንድ የሆነ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 20 እና 10 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ቢቀላቅሉ 15 ሚሊግራም ይሆናል። ሁለት ሳምንት እዚያ ይቆዩ። ቀንሰው ሳሉ ሳቡ ሁለት እጥፍ ከበዛ ወይም ዓይንዎ ሰው የያዘው ሲጋራ ላይ ማረፍ ከጀመረ ያለምንም ኀፍረት ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱ፤ ከሜንቶል ቤተሰብ አንድ ጠርሙስ አቅርበው ሌላ ወር ቆይተው ይሞክሩት።